አልወፈርኩም፣ ጾም አላፈርስም፤ ታዲያ ኮሌስትሮሉ ከየት መጣብኝ?

ውድ አዘጋጅ፣

የ33 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ባለትዳርና የአንዲት የ7 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ኪሎዬ 54 ነው። ጾም አላፈርስም፤ ሥጋም ድሮውንም ብዙ አልወድም።

በቅርቡ መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኞቹ አጠቃላይ ምርመራ አዘጋጅቶ ነበር። የእኔ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 318፣ ኤልዲኤል የሚባለው ደግሞ 236 ሆኖ መጣ። አንዱ ባልደረባዬ «አንቺ ደግሞ ቅቤውን የት ተደብቀሽ ነው የምትበዪው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።

አባቴ የሞተው በ47 ዓመቱ ነው። ሥራ ቦታ «ደረቴን» ብሎ ቁጭ አለ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። ታላቅ ወንድሙም በ51 ዓመቱ እንዲሁ በድንገት ነው የሄደው። ዘመድ ሲሰበሰብ «በዚያ ቤት ወንድ አይሸብትም» ይባላል። ለእናቴ ነገሩን ሳነሳባት ተቆጣች። «ሙት ወቃሽ አትሁኚ፤ ቀኑ ደርሶ ነው የሞተው» አለችኝ።

ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ ነው ያለው። ሲጋራ ያጨሳል። ቅዳሜ ከሆነ ከቁርጥ ቤት አይጠፋም። እሱ እስካሁን ምንም አያውቅም።

ሐኪሙ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም አዘዘልኝ። ገዛሁት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮመዲኖ ውስጥ ተቀምጧል። አክስቴ «አንዴ ከጀመርሽው አትላቀቂውም፤ ነጭ ሽንኩርትና አብሽ በባዶ ሆድ ውሰጂ» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ተጨንቆ እያንዳንዷን ጉርሻ ይቆጥርብኛል። (ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ እያሰብን ነው። ይሄን ለሐኪሙ አላነሳሁለትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።)

ምን አጥፍቼ ነው? መድኃኒቱን ልጀምር ወይስ ምግቤን ላስተካክል? ለወንድሜስ እንዴት አድርጌ ልንገረው?

ጨነቀኝ፣ ከሐዋሳ

*

እህቴ ጨነቀኝ፣

ደብዳቤሽን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ያጠፋሽው ነገር አልታየኝም። የታየኝ ሌላ ነው፤ ይሄ የቅቤ ቁጥር አይመስልም።

ኮሌስትሮል ስሙ ጠፋ እንጂ መርዝ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፤ በተለይ ጉበት። ብዙ ሆርሞኖች የሚሠሩት ከእሱ ነው፤ ስብ የሚፈጭልን ሐሞትም እንደዚያው። በደማችን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛው እዚያው የተመረተ ነው እንጂ ከማዕድ የመጣ አይደለም። ሁዳዴን ሙሉ ቅቤ በአፉ ያልዞረ ሰው ተመርምሮ ከፍ ብሎበት ሊገኝ የሚችለውም ለዚህ ነው። ሽሮ ውስጥ ኮሌስትሮል የለም። ጉበት ግን አይጾምም።

ኤልዲኤል ይሄን ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ይዞ የሚዞረው ነው። ሲበዛና ሲቆይ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይጋገራል፤ ስሙን ያጠፋውም ይሄ ነው። ጤነኛ ጉበት ግን ዝም ብሎ አያየውም፤ ላዩ ላይ ባሉት መቀበያዎች ከደም ውስጥ መልሶ ይለቅመዋል። እነዚህን መቀበያዎች ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ናቸው። ያጠኑት ገና በልጅነታቸው ልባቸው የሚታመምባቸውን ሰዎች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ኖቤል ተሸለሙበት። ያገኙት ነገር ላንቺ ይጠቅምሻል። አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ከመቀበያዎቹ ግማሽ ያህሉ አይሠሩለትም። ሰፈራችሁ ቆሻሻ የሚያነሱ ሁለት መኪናዎች አሉ እንበል። አንዱ ከቆመ፣ ነዋሪው የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን መንገድ ዳር መከመሩ አይቀርም። ነዋሪውን መስደብ ደግሞ መኪናውን አያስነሳውም።

ይሄ በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ይባላል። ብርቅ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ከ250 ሰው አንዱ ገደማ አለበት። ብዙዎቹ ግን ሳያውቁት ይኖራሉ፤ ስለማያማቸው። አንዱ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድ ሴት፣ ቀጭን ወፍራም አይልም።

የላብራቶሪ ወረቀትሽን አውጪውና አብረን እንየው። ጠቅላላው ከ200 በታች ሲሆን ደህና ይባላል፤ 240 ከደረሰ ከፍተኛ ነው። ኤልዲኤል 160 ሲገባ ከፍተኛ ይባላል። 190ን ካለፈ ደግሞ ሐኪም ስለ ምግብ ብቻ ጠይቆ ማለፍ የለበትም፤ ስለ ቤተሰብም መጠየቅ አለበት። ያንቺ 236 ነው። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመቱ በፊት በልብ ከታመመ፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት ከታመመች፣ ያ ራሱን የቻለ ምልክት ተደርጎ ይያዛል። አባትሽ 47፣ አጎትሽ 51። «በዚያ ቤት ወንድ አይሸብትም» የሚለውን ነገር ዘመድ እንደ ዕጣ ፈንታ ይናገረዋል፤ ሐኪም ቢሰማው ግን እስክሪብቶ አውጥቶ ይጽፈዋል።

እኔ ከዚህ ሆኜ በሽታ ልሰይምልሽ አልችልም። ሐኪምሽን ግን በቀጥታ ጠይቂው፤ «ይሄ ነገር የዘር ሊሆን ይችላል ወይ? አባቴ በ47 ዓመቱ ነው የሞተው» በይው። በስተኋላ ከተረከዝሽ በላይ ያለውን ወፍራም ጅማት ይይልሽ፤ ወፈር ወይም ጎርበጥ ብሎ ይገኛል አንዳንዴ። የእጅ ጣት አንጓ ላይም እንደዚያው። ቤት ያለውን የአባትሽን የድሮ ፎቶ አውጥተሽ የዓይኑን ቆብ ብታዪው ደግሞ ደስ ይለኛል። ወደ አፍንጫው በኩል ቢጫ ጠፍጣፋ እብጠት ነገር ነበረበት? ባይኖር ምንም ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ላይ አይወጣም። ቢኖር ግን ፎቶውን ለሐኪሙ አሳዪው።

ሌላ ምክንያት የለም ማለቴ ግን አይደለም። የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) ሥራውን ሲያቀዘቅዝ ኤልዲኤል ይወጣል፤ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ሲታከም ኮሌስትሮሉም አብሮ ይወርዳል። ፕሮቲን በሽንት የሚያስወጣ የኩላሊት ሕመም፣ የሐሞት መስመር መዘጋት፣ ስኳር፣ እንደ ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶችም ያዛቡታል። እርግዝና ራሱ ከፍ ያደርገዋል። እነዚህ በቀላል ምርመራ ይለያሉ። የታይሮይድ ምርመራ ተሠርቶልሻል? ካልተሠራ ይሠራልሽ። ሊፒድ ፕሮፋይል የሚባለው የደም ቅባት ምርመራም አንዴ ይደገም፤ በአንድ ወረቀት ብቻ የዕድሜ ልክ ነገር አይወሰንም።

አሁን ወደ ምግቡ። «ምግቤን ላስተካክል ወይስ መድኃኒት ልጀምር» ብለሽ ሚዛን ላይ አስቀመጥሻቸው፤ እኔ ግን እኩል የሚመዛዘኑ አይመስለኝም። አንድ ሰው በርትቶ አመጋገቡን ቢያስተካክል ኤልዲኤሉ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይወርዳል። ካንቺ ላይ 15 በመቶ ሲነሳ ወደ 200 ገደማ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ያውም አንቺ ድሮውንም ከምትቀንሺው ብዙ የለሽም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ወጡ በምን ዘይት ነው የሚሠራው? ጾም ማለት ቅባት የለም ማለት አይደለም። ማታ ሲበርድ ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት ከዕፅዋት ስለመጣ ለጾም ይሆናል፤ ግማሽ ያህሉ ግን ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ስብ ነው። በዚህ በኩል ቅቤን ይከተላል እንጂ ብዙም አይርቀውም። የሱፍ ዘይት ውስጥ ያ ስብ ከአሥር እጅ አንድ ገደማ ነው። በወጥ ብቻ አይደለም፤ ከመንገድ የሚገዛ ሳምቡሳና ፓስቲም በምን ዘይት እንደተጠበሰ አታውቂም። ከቻልሽ ወደ ሱፍ ወይም ኑግ ዙሪ፣ መጠኑንም ቀንሺው። ሽሮሽን፣ ምስርሽን፣ የገብስና የአጃ ገንፎሽን ግን ማንም አይንካብሽ፤ እነሱ ኮሌስትሮልን ትንሽ ወደ ታች ከሚስቡት ወገን ናቸው። ፋሲካ ላይ ግን ልብ በይ፤ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ በሦስት ቀን የሚካካስ ሰው እናውቃለን፣ አይደል?

ቡና ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ተዪው ልልሽ ግን አልደፍርም። ተፈልቶ በወረቀት ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ፤ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌያውያን በራሳቸው የተፈላ ቡና ላይ አስተውለውታል። የጀበና ቡናም ከዚያው ወገን ነው። አቦል ቶና በረካ ጠዋትና ማታ ከሆነ፣ ቢያንስ አንዱን ጊዜ ዝለዪው።

ስለ መድኃኒቱ ስትጽፊ ዋናውን ነገር በቅንፍ ውስጥ አስቀመጥሽው። ሁለተኛ ልጅ እያሰባችሁ ነው፤ ሐኪሙ አያውቅም። እህቴ፣ እሱን ሳይሰማ እንክብሉን አትጀምሪ። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ለአብዛኛዎቹ ሴቶች በእርግዝና ወቅት ይቆማሉ፤ ጡት በማጥባት ጊዜም አይመከሩም። ማርገዝ የምትፈልግ ሴት ከመሞከሯ በፊት ከሐኪሟ ጋር ጊዜውን ትነጋገራለች። ምናልባት «አሁን ጀምሪ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ያዢ፣ ከዚያ አቁመሽ ትወልጃለሽ» ይልሽ ይሆናል። ምናልባት «መጀመሪያ ውለጂ፣ ከዚያ እንጀምራለን» ይላል። ሁለቱም መንገድ ነው። ኮመዲኖ ውስጥ ደብቆ ዝም ማለት ግን መንገድ አይደለም። ደግሞ ልጁን ከወዲሁ አትተዪው፤ ይሄ ችግር ያለባቸው ብዙ ሴቶች በሐኪም ክትትል ይወልዳሉ። አሁን እርጉዝ የመሆን ዕድል ካለሽ ደግሞ ቀድመሽ ተመርመሪ።

አክስትሽ «አትላቀቂውም» ያሉት እውነትም ስህተትም አለበት። ሱስ አይደለም። ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ ያዘገያል፤ ጉበትም ስለሚያጥረው መቀበያ ጨምሮ አውጥቶ ከደም ይለቅማል። ስታቆሚው ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል፤ የሚያሳስረው ነገር ይኼው ብቻ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው ስንት ዓመት አድርጎ ሲያወልቅ ያው ብዥ አይልበትም? የመጀመሪያውን ስታቲን አኪራ ኤንዶ የተባሉ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሻጋታ ነው ያገኙት፤ ለሽያጭ የበቃው የመጀመሪያው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሰው ሲወስደው ቆይቷል፤ አዲስ ነገር አይደለም። አንቺ የታዘዘልሽ መጠን ኤልዲኤልን ወደ ግማሽ ያህል ሊያወርድ ይችላል። ጣጣ የለውም አልልሽም፤ አንዳንዱ ሰው ጡንቻው ያመዋል፣ የደም ስኳርም ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ጡንቻ በጣም ታሞ ሽንት ጥቁር ከሆነ ቶሎ ሐኪም ጋ ነው፤ ይሄ ግን ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነው። ነጭ ሽንኩርቱንና አብሹን ወጥ ውስጥ ብዪው፤ 236ን ግን አያወርዱትም። በባዶ ሆድ እየዋጥሽ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው።

እናትሽ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለምን እንደተቆጡ አስበሽዋል? እኔ ሳነበው አንድ ነገር ጠረጠርኩ። እናትሽ ለአባትሽ ለዓመታት ወጥ የሠሩ፣ ቅቤ አንጥረው ያቀረቡ ሴት ናቸው። አንቺ «ኮሌስትሮል» ስትዪ እሳቸው የሚሰሙት «አንቺ ነሽ ያበላሽው» የሚል ሊሆን ይችላል። ልሳሳት እችላለሁ። ግን እውነት ከሆነ፣ ያዘሉት ሸክም ካንቺ ይብሳል። እንግዲያው ወሬውን ከሌላ ጫፍ ጀምሪው። ቡና ተፈልቶ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ «እማዬ፣ ሐኪም እንዳለው ይሄ ነገር የሚመጣው በምግብ አይደለም፤ አብሮ የሚወለድ ነው። አባዬ ምንም ቢበላ ያው ነበር። ያኔ የሚመረምረው አላገኘም እንጂ» በያቸው። ወቀሳ ሳይሆን ነፃ ማውጣት ነው የምታደርጊላቸው። ሐኪሙ የዘር መሆኑን ካረጋገጠልሽ በኋላ ብታደርጊው ደግሞ ይመረጣል፤ ያላረጋገጥሽውን አትንገሪያቸው።

ወንድምሽን ግን አታቆዪው። ያ የዘር ነገር እሱም ላይ ካለ፣ ሲጋራው ለብቻው ስንት ነገር ያበላሻል። ደጉን ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል የሚባለውን ይቀንሳል፣ የደም ሥር ግድግዳንም ይጎዳል። ይሄ ችግር ኖሮባቸው ካልታከሙት ወንዶች ግማሽ ያህሉ 50 ዓመት ሳይሞላቸው ልባቸው ይታመማል። በጊዜ የታከሙት ደግሞ እንደማንኛውም ሰው የመኖር ሰፊ ዕድል አላቸው። ስለዚህ የጎደለው ነገር አንድ የደም ምርመራ ነው።

አነጋገሩ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ሲጋራህ፣ ቁርጥህ፣ ድራፍትህ እያልሽ ከጀመርሽ ስልኩን ይዘጋዋል፤ 29 ዓመት ላይ ያለ ወንድ በታላቅ እህቱ መመከር አይወድም። ስለ ራስሽ ጀምሪ። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፤ «ተመርምሬ ኤልዲኤሌ 236 ሆነ። የዘር ሊሆን ይችላል ተብዬ ደንግጫለሁ። አባዬ 47 ነበር። ለኔ ብለህ አንድ ቀን ደም ስጥልኝ፤ ሊፒድ ፕሮፋይል በላቸው፤ ውጤቱን በፎቶ ላክልኝ።» ይኸው ነው። ስለ ሲጋራ በዚያ ቀን አንድም ቃል እንዳይወጣሽ። ቁጥሩን ራሱ ሲያየው ወሬው ራሱን ይጀምራል። እምቢ ካለሽ አትጣዪው፤ አዲስ አበባ ስትሄጂ አብራችሁ ምሳ ብሉና ከዚያ በቀጥታ ውሰጂው። ለዚህ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ጾሞ መሄድ ግዴታ አይደለም፤ ላቦራቶሪው ካልጠየቀው በስተቀር «ዛሬ ቁርስ በልቻለሁ» የሚለው ማምለጫ አይሠራም።

ልጅሽም ትመርመር። አትደንግጪ፤ አሁን ምንም አይደርስባትም። የዘር መሆኑ ከተጠረጠረ ልጆች ከ2 ዓመታቸው በኋላ ሊመረመሩ ይችላሉ፤ መድኃኒት ካስፈለገም ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት ገደማ ነው የሚታሰበው። የ7 ዓመት ልጅ ስለሆነች ሰዓቷ አላለፈም። ልጅሽ ፊት ግን ስለ ልብና ስለ ሞት አታውሩ፤ «ደምሽ ጎበዝ መሆኑን እናያለን» ይበቃታል።

ባለቤትሽ ጉርሻ የሚቆጥረው ሌላ የሚያደርገው ስለጠፋው ይመስለኛል። ሥራ ስጪው። ዘይቱን እሱ ይግዛ። ሐኪም ጋ ስትሄጂ አብሮሽ ይግባ፤ የልጁ ነገር የሁለታችሁም ነው። ገበታ ላይ ግን «ዝም ብለህ አጉርሰኝ» በዪው።

ቀጠሮሽን በዚህ ሳምንት ያዢ። እነዚህን ይዘሽ ሂጂ፤ የውጤቱን ወረቀት፣ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የአባትሽንና የአጎትሽን ዕድሜ በጽሑፍ፣ የልጁን ዕቅድ። ሐኪሙ ቢቸኩል «አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል» ብለሽ ወንበሩ ላይ ቆዪ። ካልተመቸሽ የልብ ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ጋ እንዲልክሽ ጠይቂ።

ይቺን ደግሞ ለወንድምሽም አንብቢለት። ደረት ላይ ጭነት የመሰለ ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ከመጣ «ጨጓራ ነው» ብሎ መተኛት የለም። ሰው ጠርቶ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ብቻውን መኪና እየነዳ ግን አይሂድ።